የእናቶች ጭንቀትና የቡና ሰዓት

ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ላስታ ከገባ ወዲህ፣ ልጇ እስኪመለስ ዓይኗ ከደጅ የማይነቀል እናት በላሊበላም በገጠሩም አለች። ልቧ ይመታል፤ እንቅልፍ ይርቃታል። ይህን የእምነት ጉድለት ብለን ልንወቅሳት አይገባንም፤ አካል አደጋን ሲጠብቅ የሚያሳየው ጠባይ ነውና።

አየርን በአፍንጫ ስቦ፣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝሞ በቀስታ ማስወጣት የልብን ምት ያረጋጋል። ቡናውንስ? ጎረቤትን የሚሰበስበውን ቡና እንዴት ተዉ እንላለን! ነገር ግን ቡና ሲበዛ ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍንም ይነሣል፤ ስለዚህ የጠዋቱ ጸንቶ የማታው ቢቀር፣ ከስኒው ብዛትም ይልቅ ጨዋታው ቢረዝም ይሻላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ጭንቀቷ ሳምንታት ዘልቆ ሥራዋን ያስተዋትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ ግን ቀን አትቍጠሩ፣ ለብቻዋም አትተዉአት።