ስለ ወሰንና ስለ አጥር

አጥር ማለት የአንዱ ሰው ግቢ ከጎረቤቱ ግቢ፣ ከመንገድና ከግጦሽ የሚለይበት ከለላ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር አጥር በልዩ ልዩ ዐይነት ይሠራል። ድንጋይ በሚበዛበት ስፍራ ካብ ይካባል፤ ባሕር ዛፍ በሚበቅልበት አጣና ተተክሎ ይማገራል፤ በሌላውም ቦታ ሰንሰል፣ አጋምና ቀጋ እየተተከሉ ሕያው አጥር ይሆናሉ። ጥቅሙም የታወቀ ነው። ከብትን ከጓሮ ጎመንና ከገብስ ይከለክላል፤ ጅብንና ሌባን ያግዳል፤ ሕፃናትንም ከመንገድ ይጠብቃል።

ነገር ግን በአጥር ምክንያት ጎረቤትና ጎረቤት፣ ወንድምና ወንድም ሲጣሉ፣ ጠቡም እስከ ደም መፋሰስ ሲደርስ ይታያል። የዚህም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ወሰኑ ተጣርቶ ሳይታወቅ አጥሩ መታጠሩ ነው። አጥር ወሰንን ያሳያል እንጂ ወሰንን አይፈጥርም። አንድ ክንድ ገፍቶ ያጠረ ሰው ያተረፈው ክርክርን እንጂ መሬትን አይደለም። ስለዚህ አጥር ለማጠር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወሰኑ በምን እንደሚታወቅና ከማን ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባው ሊረዳ ያስፈልገዋል።

የወሰን ማስረጃ ከትናንት እስከ ዛሬ

በቀድሞ ዘመን በጐጃም የርስት መሬት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በትውልድ እየተቈጠረ ይከፋፈል ስለ ነበረ፣ የወሰን መዝገቡ የሽማግሌዎች ትዝታ ነበር። ጅረቱ፣ ጉብታው፣ የወይራው ዛፍና የተተከለው ድንጋይ ምልክት ነበሩ፤ ጠብ በተነሣም ጊዜ አገር ያወቃቸው ሽማግሌዎች ወሰኑን እየዞሩ ይመሰክሩ ነበር። በሸዋና በደቡብ በብዙ ስፍራ መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ሲቈጠር፣ የጐጃም ርስት ግን ሳይለካ ኖረ። ሕዝቡ ቃላድን የሚፈራው ገመዱን ጠልቶ ሳይሆን ከልኬቱ በኋላ ርስቴ ይነጠቃል ብሎ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጐጃም ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ መሣሪያ አነሣ፤ ለተቃውሞውም አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው የልኬት ስጋት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመሬት ነገር ፈጽሞ ተለወጠ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ገበሬውም የይዞታ መብት እንዳለው ደነገገ። ደግሞም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል በምሥራቅ ጐጃም በብዙ ቀበሌ ይዞታ እንደገና ተከፋፈለ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በልጅነቱ ያየው ወሰን በጊዜው እውነት ቢሆንም፣ ዛሬ በሕግ የሚጸናው ወሰን ላይሆን ይችላል። ይህን ሳይገነዘቡ የሚሰጡት ምስክርነት፣ በቅን ልቦና ቢሆንም እንኳ፣ ሰውን ያሳስታል።

ይህንን ችግር ለማስወገድ የተጀመረው ሥራ መነሻው ለደብረ ማርቆስ ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የክልሉ መንግሥት የይዞታ ምዝገባን በመጀመሪያ ለሙከራ ያደረገው በሁለት ቀበሌዎች ነበር፤ አንደኛው በወሎ በደሴ ዙሪያ ያለው ገራዶ፣ ሁለተኛው በጎዛምን ወረዳ ያለው አዲስና ጉሊት ነው። ሕዝቡ ከመካከሉ የመሬት ኮሚቴ መረጠ። ወሰኑ ሲለይ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በስፍራው ቆሙ፤ የተመዘገበውም ነገር ተቃዋሚ ቢኖር እንዲቀርብ ለሕዝብ ታየ። ኋላም ሥራው በክልሉ ሁሉ ተስፋፋ፤ ባልና ሚስት በአንድነት ፎቶግራፋቸው ያለበት፣ አዋሳኞችም በአራቱ ማዕዘን የተጻፉበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። የክልሉም የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133፣ ቀጥሎም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ወጣ።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ሁለቱን ዘመን ቢያነጻጽር፣ በ1960 ዓ.ም. ልኬትን በጠመንጃ የመለሰ አገር ከአርባ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ልኬትን ለምን እንደተቀበለ ያስተውላል። የፊተኛው ልኬት ለግብር ከላይ የመጣ መስሎ ታየ፤ የኋለኛው ግን ጎረቤት በጎረቤቱ ፊት ቆሞ ያጸደቀው ነበር። ለአጥርም ደንቡ ይኸው ነው። አዋሳኙ ያየውና ያመነበት አጥር ይቆማል፤ በሌሊት የታጠረ አጥር ግን በቀን ይፈርሳል።

በገጠር አጥር ከመታጠሩ አስቀድሞ

አንደኛ፤ ባለይዞታው ደብተሩን አውጥቶ የአራቱን ማዕዘን አዋሳኞች ስም ይመልከት። ከአዋሳኞቹ አንዱ ሞቶ ወይም ይዞታው ወደ ሌላ ተላልፎ እንደ ሆነ፣ አሁን ያለውን ባለመብት ይወቅ።

ሁለተኛ፤ አዋሳኞቹን በስፍራው ጠርቶ በፊታቸው ገመድ ይወጥር፣ ችካልም ይትከል። ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ጉድጓድ ይቈፈር።

ሦስተኛ፤ ነገሩ ካጠራጠረ የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴና የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቡን እንዲያመለክቱት ይጠይቅ። ግምት ከመዝገብ አይበልጥምና።

አራተኛ፤ የሕዝብ መሄጃ፣ የከብት መንጃ፣ ወደ ምንጭ የሚወስድ መንገድና የጎርፍ መውረጃ ቦይ በአጥር እንዳይዘጋ ይጠንቀቅ። ይህ የአንድ ጎረቤት ጉዳይ ሳይሆን የአገር ሁሉ ጉዳይ ነው።

የአጥሩንም ዐይነት መምረጥ ጥበብ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን በወሰን ላይ ሲተከል ሥሩ ወደ ጎረቤት እርሻ ይሻገራል፣ ጥላውም ሰብሉን ያቀጭጫል። ሰንሰል ግን ቅርንጫፉ ተቈርጦ ሲተከል ይጸድቃል፤ እየተገረዘም በልኩ ይያዛል። ስለዚህ ለወሰን የሚሻለው እየተገረዘ የሚያዝ ቍጥቋጦ ነው፤ ባሕር ዛፉም ከወሰን ራቅ ብሎ ይተከል።

በከተማ ስለሚጠየቅ ፈቃድ

ደብረ ማርቆስ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 62,497 ሕዝብ ነበራት። ሰው እንዲህ በተጠጋጋበት ስፍራ ወሰንን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የከተማውንም ፕላን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ የልማት ሥራ እንዳይሠራ ከለከለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ዐሥር ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የከተማ ነዋሪ የግንብ ወይም የብሎኬት አጥር ከማሠራቱ አስቀድሞ የይዞታ ማረጋገጫውንና ካርታውን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ፣ የሚሰጠውንም ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ሰውን ለማጉላላት አይደለም። ፕላኑ መንገዱ ወደፊት እስከ የት እንደሚሰፋ፣ ቦዩና የውኃው ቧንቧ በየት እንደሚያልፉ፣ የመብራቱ ምሰሶ የት እንደሚተከል ያሳያል። ይህን ሳይጠይቅ ያጠረ ሰው አጥሩ በኋላ ሲፈርስበት ገንዘቡም ድካሙም ይጠፋል። በመንገድ ማዕዘን ላይ ያለ ረጅም አጥር ደግሞ የመኪና ነጂውን ዐይን ስለሚጋርድ ለእግረኛ አደጋ ነው። በእንግሊዝ አገር በመኪና መንገድ ዳር ከ1 ሜትር፣ በሌላውም ስፍራ ከ2 ሜትር የበለጠ አጥር ያለ ፈቃድ የማይሠራው ስለዚህ ነው።

ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በዳር ያለው የገጠር ግቢ ወደ ከተማ ክልል ይገባል። በዚያ የሚኖር ሰው ጉዳዩ የሚታየው በወረዳው ይሁን በማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በገጠር ደንብ የታጠረው በከተማ ደንብ ሊነካ ይችላልና።

ጠብ ሲነሣ

ወሰኑን የተገፋ ሰው በቍጣ መጥረቢያ ማንሣት አይገባውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲቆምለት ዳኛ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ነገሩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። በይሉኝታ ዝም ብሎ ዘመን ያሳለፈ ሰው ይህን መብቱን ያጣል። ከብትም አጥር ጥሶ ሰብል ቢያጠፋ፣ በዚሁ ሕግ ቍጥር 2071 መሠረት የእንስሳው ባለቤት ከብቱ ሳያስበው አምልጦ እንኳ ቢሆን ለጥፋቱ ኀላፊ ነው።

ሆኖም ከዳኛ በፊት ሽማግሌ አለ። ሽማግሌዎች ደብተሩን አስነብበው፣ ችካሉን አይተው፣ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ቢያስታርቁ ከሙግት ወጪና ከቂም ያድናሉ። የታረቁበትንም ቃል በጽሑፍ አድርገው ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለመምህራን

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አውጥቶ ዙሪያውን በገመድ ያስለካ፤ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን አዋሳኞች ያስጽፍ፤ ንድፉንም በወረቀት ያስነሣ። ቀጥሎ የሚከተሉትን ይጠይቅ።

፩ አጥርና ወሰን በምን ይለያያሉ?
፪ የ1989 ዓ.ም. ድልድል የሽማግሌዎችን ምስክርነት እንዴት ለወጠው?
፫ በአዲስና ጉሊት የተደረገውን ምዝገባ ሕዝቡ የተቀበለው ስለ ምንድር ነው?
፬ በከተማ አጥር ለማሠራት ፈቃድ የሚጠየቀው ለምን ጥቅም ነው?
፭ ይዞታው የታወከበት ሰው በስንት ጊዜ ውስጥ መክሰስ አለበት?

መልሱን ያወቀ ልጅ ማታ ለአባቱና ለእናቱ ደብተሩን ያንብብላቸው፤ የአዋሳኞቹንም ስም አብረው ይቍጠሩ።