ከነጋሪት እስከ ዕለታዊ ጋዜጣ፦ «አዲስ ዘመን»ና የመምህሩ ድርሻ

በዚህ እትም የግድግዳ ጋዜጣችን ስለ ታላቅ ወንድሙ፣ ስለ ዕለታዊው ጋዜጣ ያስተምረናል። ዛሬም ከሚታተሙት የአማርኛ ጋዜጦች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው «አዲስ ዘመን» ነው። ታሪኩን ማወቅ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ለፈተና ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ነገ ክፍል ይዘነው የምንገባው መሣሪያ ነውና።

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ቃል በምን ይዳረስ ነበር? በነጋሪት ነዋ! አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ የሰማ ላልሰማ እያሰማ ቃሉ ከገበያ ወደ መንደር ይሄድ ነበር። ይሁን እንጂ የተነገረ ቃል በነፋስ ይሄዳል። የዛሬውን አዋጅ ከአምናው ጋር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ማመዛዘን አይቻልም።

ይህን የለወጠው ጽሑፍ ነው። አንኮበርን ለቀው በመጨረሻ አዲስ አበባን መናገሻ ያደረጉት ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አጋማሽ ለመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» የሚል ስም አወጡለት። አዘጋጁ እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። ጋዜጣው ሲጀመር እንደኛ የግድግዳ ጋዜጣ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ቅጂውም 24 ያህል ብቻ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ በእጅ መጻፋችን የሚያሳፍር አይደለም፤ አጀማመሩ እንዲሁ ነበርና።

በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ መታተም ጀመረ። የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተቋረጠ። ወራሪው «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚል የራሱን ጋዜጣ በአማርኛ አወጣ። ልብ እንበል፣ የገዛ ፊደላችንም በጠላት እጅ ሲገባ የጠላትን ቃል ይናገራል!

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ በወሩ ገደማ፣ ግንቦት 30 ቀን፣ «አዲስ ዘመን» ተወለደ። ስሙ የነፃነቱን አዲስ ዘመን የሚያበሥር ነበር። በመጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው በ1951 ዓ.ም. ነው።

ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀ? ዕለታዊ ጋዜጣ ብዙ ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በየቀኑ ወሬ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ ጽሑፍ የሚደረደረው በእርሳስ ፊደል ነበር፤ የኛ ፊደል ደግሞ 33 ጊዜ 7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ፊደል ለቃሚው ይህን ሁሉ ከሣጥን እየለቀመ ሌሊቱን ገጽ ይሞላል። ሦስተኛ፣ መንገድ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ አንኮበር ሌላ 40 ያህል። ለከተማው ትኩስ የሆነው ጋዜጣ ገጠር ሲገባ ያደረ ይሆናል። አራተኛና ዋነኛው አንባቢ ነው፤ አንባቢን የሚያወጣ ደግሞ መምህር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። «አዲስ ዘመን» ከተወለደ ጀምሮ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወድስ ኖሮ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወረዱ በኋላ የደርግ ድምፅ ሆነ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ደግሞ የሚቀጥለውን መንግሥት ቃል ይዞ ወጣ። ዘመኑ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፣ ስሙ ግን ያው «አዲስ ዘመን»! ታዲያ ጋዜጣው በወረቀት ላይ ያለ ነጋሪት ነው ብለን እንጣለው?

እኛ አንጣለው እንላለን። እንደ በዓሉ ግርማና ብርሃኑ ዘሪሁን ያሉ ትልልቅ ደራስያን በአዘጋጅነት የሠሩበት ጋዜጣ ነው፤ የአማርኛ ስድ ንባብ በዓምዶቹ ላይ ጎልብቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀት አይረሳም። ነጋሪት ያላስቻለውን ጋዜጣ ያስችላል፤ የ1966ቱን ገጽ ከ1967ቱ አጠገብ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። እንዲያውም ሳያስበው የራሱን መለዋወጥ መዝግቦ ያስቀመጠልን ራሱ ጋዜጣው ነው።

በብዙ ቤት አሮጌ ጋዜጣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ፊደል የቆጠረ ልጅም ቆሞ ያነበዋል። ማንበቡ መልካም ነው፤ ግን ማን እንደ ተናገረው ካልጠየቀ ነጋሪት ከሚሰማው ሰው በምን ይሻላል? ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ጋዜጣ ይዘን፣ ተማሪዎቹን እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

1ኛ/ ይህን የተናገረው ማን ነው?
2ኛ/ የታተመው መቼ ነው? ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረውስ ማን ነው?
3ኛ/ ነገሩ የሚመለከተው፣ ግን ቃሉ ያልተጻፈለት ማን ነው?
4ኛ/ ስለዚሁ ጉዳይ ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ጋዜጣ ምን አለ?

እነዚህ ጥያቄዎች ለዚህችም ለግድግዳ ጋዜጣችን ይሠራሉ። ስሕተት ያየ መምህር ወይም ጓደኛ በእርሳስ ከጎኑ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።