ገጣሚውና ሕይወቱ፤ የኦምዱርማኑ ቲጃኒ ዩሱፍ በሺር

ምንባብ

ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ሸለቆ ሰንጥቆ ወደ ሱዳን የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚቀላቀለው ካርቱም ላይ ነው። ከመገናኛው ማዶ በስተምዕራብ ያለችው ከተማ ኦምዱርማን ትባላለች። ይህች ከተማ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሐዲ ተከታዮች መዲና ነበረች። እነዚህ ሰዎች በኢትዮጵያ ታሪክ ድርቡሽ እየተባሉ የሚታወቁት፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የተዋጓቸው ናቸው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ካርቱም የገዥዎቹ ከተማ ስትሆን ኦምዱርማን የገበያ፣ የመስጊድ፣ የሼሆችና የገጣሚዎች ከተማ ሆና ቀረች።

ቲጃኒ ዩሱፍ በሺር በ1912 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በሃይማኖት ትምህርት የታወቀ ነበር፤ ስሙም የወጣለት በቲጃኒያ መሥራች በሼህ አሕመድ አል ቲጃኒ ነው። የልጅነት ትምህርቱን የጀመረው ኸልዋ በሚባለው የቁርኣን ቤት ነው። ኸልዋ ሕፃናት በእንጨት ሉሕ ላይ እየጻፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ ቁርኣንን በቃል የሚያጠኑበት ነው። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ የአገራችን ልጅ ይህን ሥርዓት ለመገመት አይቸግረውም።

ቲጃኒ ከጊዜ በኋላ ስለ ኸልዋ ግጥም ጻፈ። ስለ ሃይማኖት ትምህርት የሚጻፍ ግጥም ብዙውን ጊዜ ውዳሴ ይሆናል። የእርሱ ግን እንደዚያ አይደለም። በግጥሙ ውስጥ የምናየው በማለዳ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ፣ ዓይኑን የሚያሽ፣ ፊቱን ያጠቆረና መሄድ ያልፈለገ ሕፃን ነው። ሕፃኑ እርሱ ራሱ ነው። ገጣሚው የራሱን እንቢተኝነት ሳይደብቅ፣ ሳያስጌጥም አቀረበው፤ የግጥሙም ውበት ከዚህ እውነተኛነት ይመነጫል።

ከኸልዋ በኋላ በኦምዱርማን የሃይማኖት ተቋም ገባ። ይህ ተቋም ከብዙ ዓመት በኋላ ለኦምዱርማን እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ጸሐፊነት የሚገኘው በካርቱም በነበረው በእንግሊዞቹ የጎርደን ኮሌጅ በኩል ነበር፤ የሃይማኖቱ ተቋም ተማሪ ግን ዓረብኛንና የጥንቱን ሥነ ጽሑፍ ጠንቅቆ ቢያውቅም ያን የመሰለ እንጀራ አይጠብቀውም። ቲጃኒ ቅኔን የጠገበው፣ ሥራ ግን ያጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በተቋሙ ሳለ የደረሰበት ነገር ሕይወቱን ለወጠው። ተማሪዎቹ በ1927 እ.ኤ.አ. በካይሮ «የገጣሚዎች ልዑል» ስለተባለው ስለ ግብፃዊው አሕመድ ሸውቂ ይከራከሩ ነበር። እንደሚተረከው ቲጃኒ ሸውቂን ሲያወድስ፣ ቁርኣን ከንግግር ሁሉ እንደሚበልጥ የሸውቂም ግጥም ከሌሎች ግጥሞች ይበልጣል አለ። ይህ ምሳሌ ወሬ ሆኖ ወጣ፤ ልጁ ከሃይማኖት ወጣ ተባለ፤ ከትምህርቱም ተባረረ። አንዲት ማነጻጸሪያ የአንድን ወጣት መንገድ ዘጋች።

ቲጃኒ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ተቋሙን ራሱን ርእስ አድርጎ ግጥም ገጠመ። አንባቢ ስድብና እርግማን ይጠብቅ ይሆናል። የሚያገኘው ግን ወጣትነቱን ያሳለፈበትን ቦታ የሚናፍቅና የሚያሞግስ ሰው ነው። በመካከሉ የተወራበትን ክስ በራሱ አባት ስም እየጠራ ያነሣል፤ በወሬውም እንደማይደነግጥ ይናገራል። ፍቅርና ቅሬታ በአንድ ግጥም ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። በሕይወትም እንዲሁ ነውና አንባቢው ያምነዋል።

ከዚያ ወዲያ ወደ ግብፅ ሄዶ ለመማር ተመኝቶ አልሆነለትም። በጋዜጣና በመጽሔት ሥራ እየደከመ በድህነት ኖረ። «የተሠቃየው ሱፊ» በተባለው ግጥሙ ይበልጥ ወደ ውስጡ ገባ። በመጀመሪያ በጥቃቅን ፍጥረታት ውስጥ ታላቁን ምስጢር የሚያይ፣ ልቡ የጠራ ሰው ይናገራል። ወደ ኋላ ግን ያ ብርሃን እንደ ጨለመበት፣ ቀድሞ ያየውን ዛሬ እንደማያይ ይገልጻል። በከሃዲነት የተከሰሰ ሰው ጥርጣሬውን በአደባባይ መጻፉ ቀላል ነገር አልነበረም። ክሱን ለማስተባበል ቢፈልግ ኖሮ የእምነት መዝሙር ብቻ መጻፍ ይበቃው ነበር።

በመጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ለዚህ በሽታ ፍቱን የሆነው የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው በ1943 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለእርሱ አልደረሰለትም። በ1937 እ.ኤ.አ. በ25 ዓመቱ አረፈ። የግጥሞቹ ስብስብ «ኢሽራቃ» በሚል ርእስ የታተመው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ቃሉ በአማርኛ የጮራ መፈንጠቅ እንደ ማለት ነው።

ገጣሚ የራሱን ገመና፣ ሕመምና ጥርጣሬ በግልጽ የሚያወጣበት ግጥም ዛሬ «የኑዛዜ ግጥም» ይባላል። ስያሜው የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሮዘንታል የተባለ ሐያሲ፣ ሮበርት ሎዌል ስለ ወላጆቹና ስለ አእምሮ ሕመሙ የጻፈበትን መድበል ሲተች ተጠቀመበት፤ በኋላም ሲልቪያ ፕላዝና አን ሴክስተን በዚሁ ስም ተጠሩ። ቲጃኒ ከሞተ በዚያን ጊዜ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ነገሩ ከስሙ ይቀድማል ማለት ነው። በአማርኛ «ኑዛዜ» ለንስሐ አባት የሚነገረውንም፣ ሟች ለወራሾቹ የሚተወውንም ቃል ያመለክታል፤ ለቲጃኒ ሁለቱም ፍቺ ይስማማዋል።

በአገራችንም ቢሆን ሰው ራሱን በግጥም መናገሩ አዲስ አይደለም። ቅኔው በሰምና ወርቅ ስሜቱን ይሸፍናል፤ በእንጉርጉሮ ግን ሴቲቱ ወፍጮዋ ላይ ሆና የትዳሯን ምሬት ለራሷ ታንጎራጉራለች። እርሷን ማንም በገጣሚነት አልመዘገባትም።

ይሁን እንጂ ግጥምን እንደ ሕክምና ካርድ ማንበብ ስሕተት ነው። ከትምህርት የተባረረ ሁሉ፣ በነቀርሳ የታመመ ሁሉ ገጣሚ አልሆነም። ደግሞም ቲጃኒ ሁልጊዜ አላዘነም። በዓባዮቹ መገናኛ ላይ ስላለችው ስለ ቱቲ ደሴት ማለዳ የጻፈው ግጥም በደስታ የተሞላ ነው። የሕይወት ታሪኩን ብቻ ይዞ የሚመጣ አንባቢ በዚያ ማለዳ ላይ የሌለ ሳል ይሰማል።

የቃላት ፍች

መድበል፦ የተሰበሰቡ ግጥሞች መጽሐፍ።
ገመና፦ ሰው ከሌላ የሚሰውረው የግል ጉዳይ።
ሐያሲ፦ የሥነ ጽሑፍ ሥራን መርምሮ የሚተች።

መልመጃ

1. ቲጃኒ ከተቋሙ የተባረረበት ምክንያት ምን ነበር? የተናገረው ማነጻጸሪያ ለምን ቁጣ እንዳስነሣ አስረዱ።
2. ስለ ተቋሙ በጻፈው ግጥም ውስጥ ፍቅርና ቅሬታ አብረው መገኘታቸው ግጥሙን ያጠነክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ምክንያት ስጡ።
3. በየአካባቢያችሁ የሚንጎራጎር አንድ እንጉርጉሮ ከአረጋውያን ጠይቁ። ተናጋሪዋ ስለ ራሷ የገለጠችውንና የሸፈነችውን ለይታችሁ ጻፉ።
4. ፊደል መቁጠር ወይም ትምህርት ቤት የጀመራችሁበትን ማለዳ፣ የተሰማችሁን ሳታስጌጡ፣ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።