የመጋዘን ማሽን ጥገና፦ ሙያም አማናም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ሥራ ስንጨዋወት አብዛኞቻችን ዲዛይን፣ ኮንስትራክሽን ወይም ቢሮ እንላለን። «ጥገና» ሲባል ግን ፊታችንን እናዞራለን። ቤተሰብም «ኢንጂነር ሆኖ ግሪስ ሊነካ?» ይላል። ለዛሬ የመረጥነው ትምህርት ይህንኑ የተናቀ ሙያ ይመለከታል፦ በመጋዘን ውስጥ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ማሽኖችን መንከባከብና መጠገን።

የአባቶቻችን እጅ

ከቢቸናና ከሞጣ ለመጣን ተማሪዎች የእጅ ሙያ እንግዳ አይደለም። በጎጃም ሙስሊሙ ለረጅም ዘመን የርስት መሬት ተከልክሎ ስለኖረ ኑሮውን የመሠረተው በሽመናና በንግድ ላይ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ሸማኔው ድር ሲበጠስበት ራሱ ይቀጥላል፤ መወርወሪያው ሲሻክር ራሱ ያለሰልሳል። ሙያው ለስድብ ቢውልም በዚያ ሐላል ሪዝቅ ልጆች አድገዋል፣ ቂርአት ቀርተዋል። ሥራን የሚያስከብረው ሐላልነቱና ጥራቱ እንጂ መጠሪያው እንዳልሆነ ከእነርሱ እንማራለን።

ከዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምንማረው

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የአንድ አገር ሕዝብ ከረሃብ የዳነበት ምክንያት የእህል ክምችት ነው። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሰብሉ በዛላው እንዲቆይ መከሩ፤ ግምጃ ቤቶቹ በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር እንዲሆኑ ሲጠይቁም ሁለት ባሕርያትን አነሱ፦ ሐፊዝነትንና ዐሊምነትን። ሐፊዝ የተሰጠውን የሚጠብቅ፣ ዐሊም ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ነው። መጋዘን ዛሬም ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ አይቆምም።

ሥራው ምንድን ነው?

በዘመናዊ መጋዘን ዕቃው በኮንቬየር ይጓዛል፤ ስካነር ባርኮዱን ያነባል፤ ፒኤልሲ የተባለው መቆጣጠሪያ መንገዱን ይወስናል፤ በሐዲድ የሚሄድ ክሬን አንስቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን የመጋዘን ሮቦት ሠሪ ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሮቦት የተሸካሚውን ሥራ እንደሚቀንስ አንክድም። ግን ሮቦቱም ይበላሻል፤ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል።

በአገራችንም ቦሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የካርጎ ተርሚናል እናገኛለን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ተርሚናል የተጫኑ ፓሌቶችን እያነሳ በየመደርደሪያው የሚያስገባ አውቶማቲክ ማሽን አለው። አበባና ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ማለፍ አለባቸው፤ ማሽኑ ከቆመ የገበሬውም የነጋዴውም ልፋት አብሮ ይቆማል። ወደ ክልላችን ስንመጣ በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አለ። እህልና ሰሊጥ አበጥረው ወደ ውጭ በሚልኩ መጋዘኖችም የባልዲ አሳንሰርና ፍሬውን በቀለሙ የሚለይ ማሽን ይሠራሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የኮንቬየር ሞተር በኦቨርሎድ ሪሌይ ይጠፋል። ጀማሪ ሪሴት ተጭኖ ያስነሳዋል። እንደገና ሲጠፋ እንደገና ይጫናል፤ በመጨረሻ ሞተሩ ይቃጠላል። ዐሊም የሆነ ቴክኒሺያን ግን «ለምን ጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል። አምፔር ይለካል፣ ሮለሮቹን በእጁ ያዞራል፣ የደረቀውን ኩሽኔታ ያገኛል። አንድ ኩሽኔታ በጊዜው መለወጥ አንድ ሞተር ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

አማናው የት ላይ ነው?

1. ነፍስ። ማሽን ከመነካቱ በፊት ዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፣ በቁልፍ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በጠጋኙ ኪስ ይገባል። ከዚያም ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል። «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎ የተተወ ቁልፍ የወንድማችንን እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል።

2. ፊርማ። ሳያዩ «ታይቷል» ብሎ በቼክሊስት ላይ መፈረም የሐሰት ምስክርነት ነው። አለቃ ባያይም አላህ ያያል።

3. መለዋወጫ። ከሻጭ በድብቅ ኮሚሽን ተቀብሎ ደካማውን ዕቃ ማስገዛት ሪዝቅን ያበላሻል።

4. ሰላት። ሥራው በፈረቃ ነው። የሰላት ሰዓታችንን ከኃላፊው ጋር አስቀድመን እንነጋገር፤ ማሽን በክፍት ትተን አንሂድ፣ ለተረኛው እናስረክብ። ሰላታችን አማናችንን የሚያጠነክር ይሁን።

ከአሁኑ ምን እንሥራ?

ኤሌክትሪካል የምንማር የፒኤልሲ ላደር ፕሮግራምና የሞተር መቆጣጠሪያ ላይ እንበርታ። መካኒካል የምንማር ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ቺንጋና ሃይድሮሊክን በደንብ እንያዝ። ሁላችንም የሽቦ ዝርጋታ ሥዕል ማንበብ እንልመድ። የማሽን መመሪያዎች በብዛት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ የንባብ ልምምዳችን አይቋረጥ።

ለዚህ ቦሌ እስክንደርስ መጠበቅ የለብንም። በክረምት ዕረፍት ወደ ቢቸናና ሞጣ ስንመለስ የጤፍ ወፍጮ ቤት አለ። ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ማሽኑ ቆሞ ሲጸዳ አብረን እንሥራ፤ ሲዞርም ድምፁን እናዳምጥ። ቴክኒክና ሙያ ለሚማሩ ታናናሾቻችንም ይህን እንንገራቸው፤ በሩ ለዲግሪ ብቻ የተከፈተ አይደለም።

ለደርስ ቡድኖች የመወያያ ጥያቄዎች

• ከሐፊዝነትና ከዐሊምነት አንዱ ብቻ ያለው ጠጋኝ ምን ጉዳት ያደርሳል?
• አለቃ «ሳታይ ፈርም» ቢለን በምን አኳኋን እንመልሳለን?
• በሰፈራችን የትኛውን ማሽን ቀርበን ልናጠና እንችላለን?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን፤ እጃችንንም ለሰው የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።