በጎ ፈቃድ አገልግሎትን በወጉ መዝጋት፦ በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ላሉ ወጣቶች

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲከፈት ሰው ሞልቶ ይፈሳል። የወረዳ ኃላፊዎች ይገኛሉ፣ ቲሸርት ይታደላል፣ የመጀመሪያው ችግኝ ሲተከል ፎቶ ይነሣል፣ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ጣሪያም በጭብጨባ ይፈርሳል። ሲዘጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም የለም። ወጣቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል፤ የተረፈው ቆርቆሮ የማን ቤት እንዳለ፣ ችግኙን ከመስከረም በኋላ ማን እንደሚያየው፣ በማጠናከሪያ ትምህርቱ ማንበብ የጀመረው ልጅ የት ገጽ ላይ እንደቆመ የሚያውቅ አይገኝም። ሐምሌ ላይ የተለፋበት ሥራ ኅዳር ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሁለት ወር የክረምት አገልግሎት ለሚሰጡም፣ የሰላም ሚኒስቴር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ «በጎነት ለአብሮነት» በሚል ስያሜ በሚያካሂደው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት ከሌላ ክልል ለሚመጡም ይሆናል። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። በየዘመኑ ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ እናንተ ስትሄዱ ይህን ማን ይይዘዋል?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ለዘመናት የቆየው ባለቤት ስለነበረው ነው። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች በቄሮ ሥርዓት የራሳቸውን ጠባቂዎች እየመረጡ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሲከፈትም ሁሉም በወግ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ጓሳው ተጎዳ። ያገገመውም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ ሲያቋቁም ነው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። ስለዚህ የእናንተንም ሥራ ከመምጣታችሁ በፊት ለነበረ፣ ከሄዳችሁ በኋላም ለሚኖር አካል አስረክቡ፤ ለዕድር፣ ለሰበካ ጉባኤ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ። ለእናንተው ተብሎ የተቋቋመ ኮሚቴ ከእናንተ ጋር ይበተናል።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም፣ 16 ደግሞ በዓሉ ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት ጊዜያቸው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነውና በዚያ ወቅት ሰፊ ስብሰባ መጥራት አይሆንም። ከነሐሴ 25 በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ጳጉሜንና የአዲስ ዓመት ዝግጅት ስለሚመጣ ቢሮ ውስጥ ፈራሚ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የጾሙን ሁለት ሳምንት ለቆጠራና ለጽሑፍ ተጠቀሙበት፤ ርክክቡን ከ17 እስከ 25 ባለው ጊዜ ጨርሱ። ለዓመት የመጣችሁ ከሆነ ግን ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

አንድ ደብተር ያዙና እያንዳንዱን ሥራ በየገጹ ጻፉ፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ማን ይረከባል፣ የተረካቢው ስልክ። የተረካቢው ስም ያልተጻፈበት ገጽ ካለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ችግኙ

ብዙ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። የተተከለውን ቁጥር ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን የጸደቀው ቁጥር ነው። በየቦታው ዞራችሁ በቁማቸው ያሉትን ቁጠሩ። የደረቀውን አሁኑኑ ተኩ፤ ዝናቡ ገና ስላለ ይይዛል። የተጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ልቀሙ፤ በግ ይበላዋል፣ በመንዝ ደግሞ በግ የቤቱ ኑሮ ነው።

ከዚያ ለሚመጣው ወራት አስቡ። በመስከረም ሣሩ ያድግና ችግኙን ይውጠዋል፤ ካልታረመ ለማየት እንኳ ያስቸግራል። ከጥቅምት ጀምሮ በመንዝና በግሼ ደጋ ውርጭ ይመጣል፤ በተለይ ረባዳና ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ያለ ለጋ ችግኝ በአንድ ሌሊት ይቃጠላል። ሥሩን በሣርና በገለባ መሸፈን፣ ለጋውንም በጭራሮና በሣር መከለል ይረዳል። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠላቱ ፀሐይና ምስጥ ነው፣ በችግኙ ዙሪያም ውኃ የሚይዝ ጉድጓድ ያስፈልጋል። በሁለቱም አገር ግን የባሰው ከብት ነው። ሰብል ተሰብስቦ መንጋው በልቅ ሲሠማራ አጥር የሌለው ችግኝ አይተርፍም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ በመንገድና በከብት ማለፊያ በኩል ያለውን በእሾህ እጠሩ።

ለማን ታስረክባላችሁ? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የተተከለውን ለቄሰ ገበዙና ለሰበካ ጉባኤው፤ በሰሜን ሸዋ አገር በቀሉ ጽድና ወይራ ዛሬም በብዛት የሚታየው በደብሩ ዙሪያ ነውና ከዚያ የተሻለ ጠባቂ የለም። በትምህርት ቤት ያለውን ለአካባቢ ጥበቃ ክበቡ መምህር፣ በተራራ ላይ ያለውን ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛና ለአዋሳኝ ገበሬዎች። ቦታውን በእጃችሁ በወረቀት ላይ ሣሉት፤ ትልቁ ድንጋይ፣ ወንዙ፣ የማን ማሳ እንደሚያዋስን ይታይ። ከአንድ ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል።

የታደሰው ቤት

ቤቱ አለቀ ከማለታችሁ በፊት በቀን ብርሃን ግቡና በሩን ዝጉት፤ ከዚያ ቀና በሉ። የብርሃን ነጥብ ከታያችሁ ዝናብም በዚያው ይገባል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ጎማ የሌለው ወይም ዘንበል ብሎ የተመታ የቆርቆሮ ሚስማር ነው፤ ተነቅሎ ቀጥ ብሎ ይመታ። ቆርቆሮው ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትንም በእጃችሁ ዳስሱት፣ የመንዝ ነፋስ መግቢያ አያጣም። ቢቻል አንድ ከባድ ዝናብ እስኪጥል ጠብቁና በማግስቱ ጠዋት ሂዱ።

ሌላም ነገር አለ። የጓሳ ሣር ክዳን ጭስ ያሳልፋል፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ቆርቆሮ ሁለቱንም አያደርግም። እማማ በሣር ቤት ሲኖሩ በምድጃው ጭስ ያልታፈኑት በአዲሱ ቤት ሊታፈኑ ይችላሉ። የጭስ መውጫ መኖሩን እዩ፤ ከውስጥ በኩል በማዳበሪያ ከረጢት ቢሆን እንኳ ኮርኒስ ይወጠርላቸው። የውኃ መውረጃ ቦዩ በቤቱ ዙሪያ መቆፈሩን አረጋግጡ። ከዚያም የሚቀርቧቸውን አንድ ጎረቤት ፊት ለፊታቸው ጠርታችሁ «ቢያፈስ ለእርሳቸው ይንገሩ» በሏቸው። ቁልፉን ራሳቸው ከፍተው ዘግተው ይሞክሩት።

የማጠናከሪያ ትምህርቱ

ለትምህርት ቤቱ የሚጠቅመው «120 ተማሪ አስተማርን» የሚል ወረቀት ሳይሆን የልጆቹ ስም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ መስመር በቂ ነው፦ ፊደል ለይቷል ማንበብ ግን ይከብደዋል፤ ማባዛት ታውቃለች ማካፈል አልጀመረችም፤ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን ያጨነቁራል። ዝርዝሩን ለርእሰ መምህሩ ከምዝገባ በፊት ስጡ፤ መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊው መምህር ዓይኑ ደካማ የሆነውን ልጅ ከፊት ለማስቀመጥ ይህችው መስመር ትበቃዋለች። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ መልሱ።

ገንዘብና ንብረት

ሰው የሚቀየመው በትንሽ ነገር ነው። ከነጋዴው የተሰጠው ቆርቆሮ፣ ከዕድሩ የተዋጣው ብር፣ ከመንግሥት መጋዘን የወጣው አካፋና ዶማ ሁሉ ተቆጥሮ በወረቀት ይዘጋ። የተረፈውን ዕቃ «ለሚቀጥለው ዓመት» ብላችሁ ግለሰብ ቤት አታስቀምጡ፤ ለወረዳው ወጣቶች ጽሕፈት ቤት መጋዘን አስገቡና የገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ተቀበሉ። ዕቃ ጠባቂው ከሌለ ሌላ ቀን ተመለሱ እንጂ ያለ ደረሰኝ ጥላችሁ አትሂዱ። የጠፋ ነገር ካለ መጥፋቱን ጽፋችሁ ፈርሙ።

ከሕዝብ የተሰበሰበ ብር ካለ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ፣ ገቢውና ወጪው ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ጥያቄ ካለ ይጠየቅ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በሚቀጥለው ክረምት ለሚመጡት ወጣቶች ደግሞ ሰው ኪሱን የሚከፍተው ይህን ሰምቶ ነው። የራሳችሁንም አትርሱ፤ የሻይ ቤቱ ዱቤ፣ የኪራይ ቤቱ ሒሳብ፣ ብርድ ሲመጣ ከጎረቤት የተዋሳችሁት ባና።

ቃል የገባችሁት

በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ለሰው ቃል የገባችሁትን ሁሉ ጻፉ። «መነጽር አመጣልሃለሁ»፣ «አዲስ አበባ ሥራ እፈልግልሻለሁ»፣ «ለጥምቀት እመጣለሁ» የተባለውን ሁሉ። ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ይቆረጥ፤ የሚቻለውን ፈጽሙ፣ ሌላ ሰው ሊፈጽመው የሚችለውን አስረክቡ፣ የማይቻለውን ፊት ለፊት «አልቻልኩም» በሉ። የሚከብደው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሰው በስልክ ጥሪ ተስፋ ዓመት ሙሉ ከሚጠብቅ አንድ ቀን ቢያዝን ይሻላል።

ወረቀታችሁ

የምስክር ወረቀት ሲጻፍላችሁ አጠገቡ ሁኑ። ስማችሁ በዲግሪያችሁና በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ፤ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ማኅተምና የኃላፊው ስም ይኑር። ክሊራንስ ካለ የሁሉንም ክፍል ፊርማ ጨርሱ። ከሌላ ቦታ የመጣችሁ ሸኚ ደብዳቤያችሁን እዚያው ተቀበሉ፤ «በኋላ እንልካለን» የተባለ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነገር ራሳችሁ ጻፉ። ከመስከረም 1955 ዓ.ም. ጀምሮ አባላቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ጥሩ ልማድ አለው፤ አገልግሎቱን የሚጨርስ ሰው የሠራውን በአጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ኃላፊውም ይፈርምበታል። እናንተም በአንድ ገጽ የት ቀበሌ እንደሠራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ምን ቋንቋና ምን ሙያ እንደተማራችሁ ጻፉና የወረዳው አስተባባሪ ይፈርምበት። ሥራ ስትፈልጉ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የሚናገርላችሁ ይህ ነው።

ስንብት

ሳይሰናበቱ መሄድ በዚህ አገር ነውር ነው። የቤት ባለቤቶቻችሁን፣ ጎረቤቱን፣ የደብሩን አለቃ፣ የዕድሩን ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በየቤታቸው ሄዳችሁ ተሰናበቱ። ድግስ ካለ ከነሐሴ 16 በኋላ ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጾም ይዘጋጅ። ቡና ከተፈላ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሡ። ቆሎና በሶ ቢቋጥሩላችሁ «ይበቃል» እያላችሁ አትከራከሩ፤ በሁለት እጅ ተቀበሉ። እናቶችና አባቶች ሲመርቁ ቆባችሁን አውልቃችሁ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «አሜን» በሉ። ተረካቢዎቻችሁንም በዚሁ አጋጣሚ በሕዝብ ፊት በስማቸው አስተዋውቁ፤ ሽማግሌዎች የሰሙትን ኃላፊነት ማንም በቀላሉ አይጥለውም።

መንገዱን በተመለከተ፣ በክረምት የጣርማ በር ጉም ከጠዋት እስከ ማታ ላይገፈፍ ይችላል፤ ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ በሚወስደው የጀማ ሸለቆ ቁልቁለት ላይም ናዳና ጭቃ አለ። በማለዳ ተነሡ፣ በማታ አትጓዙ፣ የጸጥታውን ሁኔታ ከወረዳው ጠይቃችሁ ብቻ ውጡ። እንደደረሳችሁ ለአስተባባሪያችሁ ደውሉ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተረካቢ ደውሉ፤ ውርጩ ምን አደረገ፣ ጣሪያው አፈሰሰ ወይ፣ ልጆቹ ተመዘገቡ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ለወረዳው ወጣቶች ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ለጽሕፈት ቤቶቹም አንድ አደራ አለን፦ ለመክፈቻው ቀን የምትመድቡትን መኪናና ሰው ለርክክቡም ቀን መድቡ፤ ፈራሚዎች ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ይገኙ፤ ወጣቱ ፊርማ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተት።