የትኛዋ ፀፀ?

በወላይታ ዞን ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ለሚኖር ገበሬ ገንዲ እንግዳ በሽታ አይደለም። በሬው ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ቀንበር መሳብ ያቅተዋል። በሽታውን በዋናነት የምታስተላልፈው ፀፀ ዝንብ ናት። ታዲያ የትኛዋ ፀፀ? በአገራችን 5 ዝርያዎች አሉ፤ እንዲሁ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ።

ዋናው መለያ ያለው ወንዱ ላይ ነው። ወንዱን ገልብጠን ብናየው ከሆዱ ጫፍ ሥር ክብ ጉብታ አለው፤ ሴቷ የላትም። ጉብታው በመርፌ ተከፍቶ በማጉያ ሲታይ ሴቷን የሚይዝባቸው ሁለት መቆንጠጫዎች ይገኛሉ። በግሎሲና ፓሊዲፔስ መቆንጠጫዎቹ በስስ ሽፋን ሙሉ በሙሉ ተያይዘዋል፤ በግሎሲና ፉሲፔስ ሽፋኑ መሃሉ ላይ በጥልቀት ተሰንጥቋል፤ በግሎሲና ሎንጊፔኒስ ግን ጭራሽ አልተያያዙም። በጣም የሚቀራረቡትን ዝርያዎች ደግሞ የመቆንጠጫው ቅርጽ ይለያቸዋል።

ይሄ ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. ቃሊቲ የተመረቀው የዝንብ ማራቢያ ዓላማው ወንድ ፀፀዎችን በጨረር አምክኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ መልቀቅ ነበር፤ የታለመችውም ፓሊዲፔስ ነበረች። መካኑ ወንድ ሥራውን የሚሠራው የራሱን ዝርያ ሴት ሲያገኝ ነው። ዝርያው ከተሳሳተ ገንዘቡም ድካሙም ለገበሬው በሬ አይደርስም።

እኛም ነገ «ፀፀ ዝንብ ጠፋ» ብለን ከመዘገባችን በፊት «የትኛዋ?» ብለን እንጠይቅ።