መርፌው ምግብ ዘጋኝ

ጥያቄ፦ በነጌሌ ቦረና የምኖር የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ክብደት ለመቀነስ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ኦዜምፒክ መወጋት ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ያቅለሸልሸኛል፤ ምግብ ተዘግቶብኛል። የቅቤ ሽታ እንኳ አልችልም። ላቁመው ወይስ ልታገሥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ችግር በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ ይታያል። በመርፌው ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ አንጀት ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን ሆርሞን መስሎ ይሠራል፤ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋል፣ ለአንጎልም የጥጋብ መልእክት ያደርሳል። ማቅለሽለሹ የሚበረታው በጅማሬውና መጠኑ ሲጨመር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል። ሕክምናው በሳምንት 0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከ4 ሳምንት በኋላ ወደ 0.5 የሚያድገውም ሰውነት እንዲለምደው ነው። እርስዎንም ምናልባት ይኸው ጭማሪ ይሆናል የከበደዎት።

ቅቤ የበዛበትን ወጥና ጥብስ ለጊዜው ይተዉ፤ ስብ ከጨጓራ ለመውረድ ይዘገያል። ትንሽ እንጀራ በሽሮ፣ ቀጭን አጥሚት ወይም የተቀቀለ እንቁላል ከፋፍሎ መመገብ ይቀላል። እንደበሉ አይተኙ። በቆላው ሙቀት ሰውነት ውሃ ቶሎ ያጣልና፣ ባይጠማዎትም በየጊዜው ጎንጨት ይበሉ።

ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ ረጅም መንገድ የመጣ መድኃኒት ይህን ቅዝቃዜ ጠብቆ መድረሱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ውሃ እንኳ አልረጋ ካለዎት፣ ሽንትዎ ጠቁሮ ካነሰ ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ። እነዚህ ባይኖሩም እንኳ፣ እስካሁን የሚከታተልዎ ሐኪም ከሌለ ቀጣዩን ከመወጋትዎ በፊት መድኃኒቱን ይዘው ሐኪም ያማክሩ።